ስድስት መቶ ቋጠሮ

ባሌ እንድሪስ ሙሄ፣ ባሕር ላይ የኖረ፣
ወደቡ ሲዘጋ ሐይቅ መጥቶ ቀረ።
ሁለት ሸሚዝ፣ ምላጭ፣ አንዲት ኮምፓስ ይዞ፣
በዱቄት ከረጢት ጠቅልሎ ያን ጉዞ።
ስንጋባ ምሎልኝ፣ ቃሉን አክብሮ፣
«ቦምቤ አደርስሻለሁ!» ሃያ ዓመት ኖሮ፣

አንድ ቀን ተነሣ። ዋንዛውን ጠረበ፣ ሬንጅ ቀባ ሥሩን፤
የካሚዮን ሸራ እኔ ሰፋሁ ዳሩን።
በከሰል፣ ግድግዳ ላይ፣ ሲደምር አመሸ፤
«ከአሰብ እስከ ቦምቤ ብዙም አልተሸሸ፤
ይህን ሐይቅ ከዳር ዳር፣ ስድስት መቶ ጊዜ ነው፤
ሳንታክት ብንሻገር ውቅያኖስ ጨረስነው።»

እኔ ፊደል አልቆጠርሁ፤ ገመድ ግን ቋጠርሁ፤
ለአንድ መሻገሪያ አንድ ውል አሰርሁ።

በመስከረም ነፋስ ከደንገሉ ወጣን።
«ከዛሬ ጀምሮ መሬት አትረግጪም፤
በውቅያኖስ መሀል ሽንኩርት አትሸምቺም።»
ሳምንቱን በሙሉ ሲያስታውከኝ ከረመ፤
በዚህች ኩሬ ብሎ መንደሩ ተገረመ።

ሉባባ፣ የእህቴ ልጅ፣ ደንገሉን ሰንጥቃ፣
እስከ ደረቷ ገብታ፣ ዳቦ ይዛ፣ ስቃ፣
«አክስቴ፣ እንኩ!» ስትል፣ መነጽሩን ወልውሎ
«ሌላ መርከብ ናት፤ ሰላም በያት» ብሎ፣
ዳቦውን ግን ወሰደ፣ ሳይከፍል፣ ጠቅልሎ።

ሌሊቱን በተራ፦ እሱ እስከ እኩሌታው፣
እኔ እስከ ሱብሂ፤ ብርዱ ነው ጌታው።
ደወሉ ከገዳም፣ አዛኑ ከመንደር፣
እንደ ሁለት ፋኖስ ሲያሳዩን የብስ ዳር፣
ታንኳው በዞረ ቁጥር ስግደቴ ይዞራል፤
ቂብላው ጠፋኝ ስለው ኮምፓሱን ይጠራል፤
«ከሐይቅ እስከ መካ ቀጥ ያለ ሰሜን ነው፤
መርፌዋም እንደ አንቺ ሰጋጅ ናት፤ ያው አንድ ነው።»

ተጣላንም፤ አዎ።
በአንድ ማንኪያ ጨው ተጣላን።
ከታንኳ ላይ ተኮርፎ በር ዘግቶ አይወጣም፤
ሦስት እርምጃ ናት፤ ጀርባ ለጀርባ ዞረን
እሱ ወደ ገዳሙ፣ እኔ ወደ ከተማው መብራት፣
የአምባዛው ቅቅል መሀላችን እስኪቀዘቅዝ።

አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው ቋጠሮ ላይ
ነፋስ ሞተ።
ሸራው እንደ አሮጊት ጉንጭ ወደ ውስጥ ገባ።
መሀል ሐይቅ፣ ጨረቃ የለም፣ ታንኳዋም አትንቀሳቀስ።
እንድሪስ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፦
«ዘሀራ፣
እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ባሕር አላየሁም።
ሞተር ክፍል ነበርሁ፣ ከውኃው ወለል በታች፤
ዘይት አጠጣለሁ፣ ብረት እወለውላለሁ።
ስንደርስ ሌሊት ነው፣ ስንነሣ ሌሊት ነው።
ባሕር ማለት ለእኔ
ከብረቱ ወዲያ ሆኖ የሚያንኳኳ ሰው ነበር፤
ማነህ ብዬ አልከፈትሁለትም።»

ምን ይባላል?
የነገረኝን ወጀብ ሁሉ፣ የሚዘልለውን ዓሣ፣
ለልጆች ሲያወራ የነበረውን የቦምቤ መብራት
አንድ በአንድ አሰብሁና፣ አንዱንም አልመለስሁበትም።
«ተነሥ» አልሁት፣ «መሪውን ስጠኝ።»
እኔ ከኋላ ተቀመጥሁ።
እሱ ከፊት፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ፣
አየ።
እስኪነጋ፣ ብቻ አየ።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ እጄ ሰነፈ፤
ለአሥር መሻገር አንድ ቋጠሮ፣
አንዳንዴም ምንም።

ሉባባ ደንገሉ መሀል ቆማ ትጮሃለች፦
«ቦምቤ ገና ነው?»
እሱ ወደ እኔ ያያል።
እኔ ገመዱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ጣቴን እያጠፍሁ፣
እንደ ባቲ ነጋዴ ምራቄን እየዋጥሁ እቆጥራለሁ፤
«አራት መቶ ሃያ ዘጠኝ» እላለሁ፣ «ገና ነው።»

ቦምቤን እኮ ያለፍናት በጥር ነበር።

ዛሬ የካቲት ነው። ነፋሱ ከአርዲቦ በኩል ነው።
«ሸራውን ሳብ አድርጊው» ይለኛል፣ ሳይዞር።
ሳብሁት።